ከመቄት አፋፍ እስከ አቡነ ዮሴፍ በእግር፦ ድንኳን እንያዝ ወይስ በመንደር ጎጆ እንደር?

ኮምቦልቼው

ጤና ይስጥልኝ፣ ወዳጆቼ። አራት ጓደኛሞች ነን፤ ከኅዳር አጋማሽ በኋላ በሰሜን ወሎ ከመቄት አፋፍ ተነስተን ወደ ተከዜ ሸለቆ ወርደን፣ ወደ ላሊበላ ወጥተን፣ በመጨረሻም የአቡነ ዮሴፍን ተራራ ለመውጣት ተማክረናል። እግራችን ደህና ነው፤ ከኮምቦልቻ በላይ ያሉትን ኮረብታዎች ቅዳሜና እሑድ ስንወጣና ስንወርድ ከርመናል። የማንስማማው በአዳሩ ነው። ከመካከላችን ሁለቱ ድንኳንና ስሊፒንግ ባግ ተሸክመን፣ ማንንም ሳናስቸግር፣ የመጨረሻውን ሌሊት ከተራራው ጫፍ ላይ አድረን ፀሐይ ስትወጣ እንይ ይላሉ። እኔና አንደኛው ጓደኛዬ ደግሞ ማኅበረሰቡ ለእንግዳ ባዘጋጃቸው ጎጆዎች ብናድር ሸክማችን ይቀላል፣ ገንዘቡም ለገበሬው ይተርፋል ባዮች ነን። ሁለታችን ሙስሊም፣ ሁለታችን ክርስቲያን ስለሆንን የምግቡንም ነገር ብታስቡልን ደስ ይለናል። መንገዱን የምታውቁት ምን ትመክሩናላችሁ?

መቄት አፋፍ

እንኳን ደህና መጡ። የመቄቱን ክፍል በሚመለከት ጎጆውን ይምረጡ እላለሁ፤ ምክንያቴም የእንግዳ ማረፊያዎቹ የተሠሩበት ቦታ ነው። መቋት ማርያምንና ዋጀላን የመሳሰሉት ማረፊያዎች የተቀመጡት ደጋው በድንገት ተቆርጦ ገደል በሚሆንበት አፋፍ ላይ ነው። ቤቶቹ የአገሩን ቤት መስለው በድንጋይ የታነጹ፣ በሣር የተከደኑ ክብ ጎጆዎች ናቸው። ከደጃፉ ቁጭ ብለው ቁልቁል ሲመለከቱ የተከዜ ገባሮች የቦረቦሩት ቆላ ከእግርዎ ሥር ይዘረጋል፤ ሰማዩ ከጠራ ማዶ የላስታ ተራሮች ከነአቡነ ዮሴፍ ይታያሉ። ነገ ወዴት እንደሚሄዱ ዛሬ በዐይንዎ ያያሉ ማለት ነው።

ከቀኑ ዐሥር ሰዓት በፊት መድረስን ልማድ ያድርጉ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ቀኑን ሙሉ አፋፉ ላይ ሣር ሲነጩ ይውሉና ጀምበር ስታዘቀዝቅ እየተንጫጩ ወደ ገደሉ እርከን ይወርዳሉ፤ የሚያድሩት እዚያው ነው። እናቶቹ ግልገሎቻቸውን አዝለው ሰው በማይደፍረው ገደል ላይ እንደ ደረጃ ሲረግጡት ማየት ብቻውን ጉዞውን ያስመኛል። አምሽቶ የደረሰ ሰው ግን ይህ ሁሉ ያመልጠዋል፤ በዚያ ላይ ጨለማና ገደል አብረው አይሆኑም።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በአካባቢያችን ካለፈው ጦርነት ወዲህ እንግዳ እንደ ቀድሞው አይመጣም። የትኛው ማረፊያ እንግዳ እንደሚቀበል፣ አልጋውና ብርድ ልብሱ የተሟላ መሆኑን፣ የመንገዱም ጸጥታ እንዴት እንደሆነ በዚያው ሳምንት በስልክ ሳያረጋግጡ እንዳይነሱ። ያለፈው ዓመት ወሬ ለዘንድሮ መንገድ አይሆንም።

ድንኳን በጀርባ

የመቄት ወንድማችን ያሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን ድንኳኑን እንዲህ በቀላሉ አንጣለው። በጎጆ የሚያድር ሰው መንገዱን ጎጆው ይመራዋል። ከአንዱ ማረፊያ እስከ ሌላው ያለውን ርቀት ቢደክምም፣ አንዱ እግሩ ቢቆስልም ማጠናቀቅ ግድ ነው። ድንኳን የያዘ ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደልዳላ መሬትና ውኃ ካገኘ፣ ባለ መሬቱን አስፈቅዶ እዚያው ያርፋል። ከላሊበላ በላይ ባለው ከፍታ ደግሞ መንደሩ ይሳሳል፤ ድንኳኑ ዋጋ የሚያወጣው እዚያ ነው።

በአተካከሉ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው የቅዝቃዜውን ነገር ነው። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ስለሚከብድ ሌሊት እየተንሸራተተ ረባዳው ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ ከጅረቱ ዳር ያለው ለምለም ሜዳ ለዐይን ቢያምርም ውርጩ ቀድሞ የሚወርደው በዚያ ነው። ከረባዳው ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ከጀርባው ነፋስ የሚከልል ድንጋይ ያለበትን ቦታ መምረጥ ይሻላል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሆነ መሬቱ ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ሌሊት ሙልጭ አድርጎ ይለቀዋል። ከታች የሚነጠፈው ስፖንጅ ከላይ ከሚለበሰው ባልተናነሰ አስፈላጊ ነው፤ ባና ደራርቦ በባዶ መሬት ላይ የተኛ ሰው ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ ያድራል።

ድንኳኑንም ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉት። እስትንፋሳችሁ በጨርቁ ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠብና ስሊፒንግ ባጉን ያረጥበዋል፤ የረጠበ ስሊፒንግ ባግ ደግሞ አያሞቅም።

ጤና መኮንን ዘደሴ

ክርክሩ በድንኳንና በጎጆ መካከል ሆኖ ቀረ። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የማነሳው የምታድሩበት ቦታ ከፍታው ስንት ነው የሚለውን ነው። የመኝታውን ዓይነት ከዚያ በኋላ ብትመርጡ ይደርሳል።

ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ላሊበላ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው። የመቄት አፋፍ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፤ አቡነ ዮሴፍ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። በዚያ ጫፍ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 60 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የሐኪሞች የተለመደ ምክር ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆኑ በኋላ የሚያድሩበትን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አለማሳደግ፣ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑም ተጨማሪ የዕረፍት አዳር ማድረግ ነው። ልብ በሉ፣ ቁጥሩ የሚመለከተው አዳሩን ነው። ቀን ከፍ ብሎ ውሎ ለመኝታ ዝቅ ማለት አይከለከልም፤ እንዲያውም ሰውነትን ያለማምዳል።

እንግዲህ በዚህ ዐይን ዕቅዳችሁን እንመልከተው። ከመቄት አፋፍ ጀምሮ ወደ ቆላው መውረዱ፣ ቀጥሎም ላሊበላ መግባቱ ጥሩ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ሰውነታችሁን ያዘጋጁታል። ነገር ግን ከላሊበላ ተነስቶ በማግስቱ ከ4,200 ሜትር በላይ ማደር በአንድ ሌሊት 1,700 ሜትር መዝለል ነው። ይህን አልደግፍም። በላሊበላ አንድ ቀን ቆዩ፤ ያን ቀን ወደ አሸተን ማርያም ውጡና ለመኝታ ተመለሱ። ቤተ ክርስቲያኗ ከከተማው በላይ ከ3,000 ሜትር ባለፈ ከፍታ ከዐለት የተፈለፈለች ስለሆነች መሳለሙና መለማመዱ አብረው ይሄዳሉ። በማግስቱ ከተራራው ወገብ፣ ከ3,300 ሜትር እምብዛም ባልራቀ ቦታ እደሩ። እዚያ ሌላ ሌሊት ብትጨምሩ የበለጠ ይሻላል። ከዚያ ሌሊት ተነስታችሁ ጫፉን ረግጣችሁ በቀን ወደ ታች ውረዱ። ጫፍ ላይ ማደር የሚለው ሐሳብ ይቅር።

የከፍታ ሕመም ከደረሱ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ በራስ ምታት ይጀምራል። ከራስ ምታቱ ጋር ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ድካምና እንቅልፍ መንሣት ይመጣሉ። እንዲህ የሆነ ሰው ከዚያ በላይ አይውጣ፤ ካልተሻለው ይውረድ። ሲራመድ የሚንገዳገድ፣ ንግግሩ የሚምታታ፣ ወይም ቁጭ ብሎ እንኳ ትንፋሽ የሚያጥረውና የሚያስለው ከሆነ ግን ሌሊትም ቢሆን ሰው አስይዛችሁ ወዲያው አውርዱት። «እስኪነጋ እንጠብቅ» የሚባልለት ነገር አይደለም። አሲታዞላማይድ የሚባለው መድኃኒት ለመከላከል ይረዳል፤ ነገር ግን ለሁሉም ሰው ስለማይስማማ ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።

ኮምቦልቼው

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ለጓደኞቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ የጫፉ አዳር ተከራካሪዎች ለጊዜው ዝም ብለዋል። አንደኛው ግን «እኔ ያደግኩት ደሴ ነው፣ ከፍታ አይነካኝም» ይላል። እውነት ይኖረዋል? የውኃውንስ ነገር እንዴት እናድርግ?

ጤና መኮንን ዘደሴ

የደሴ ልጅነቱ በ2,500 ሜትር ላይ ይጠቅመዋል፤ በ4,000 ሜትር ላይ ግን ዋስትና አይሆንም። የሰውነት ብርታትም ዋስትና አይደለም። እንዲያውም ጉልበተኛው ቀድሞ ስለሚወጣ ቀድሞ ይታመማል። አሁን የሚኖረው ኮምቦልቻ ከሆነ ደግሞ ከእናንተ እኩል ይለማመድ።

ውኃውን አፍሉት። ከፍታው ሲጨምር ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ (በ3,500 ሜትር ላይ በ88 ዲግሪ ገደማ ይፈላል) መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል እሳት ላይ ይቆይ። በዚሁ ምክንያት ባቄላና ሽምብራ እዚያ ላይ ቶሎ አይበስልላችሁም፤ ስንቃችሁን ስታሰናዱ ይህንንም አስቡ።

እትዬ ዘላስታ

ልጆቼ፣ ስለ ስንቁ እኔ ልናገር፤ እንግዳ ስናስተናግድ የኖርን ነንና።

ከኅዳር አጋማሽ በኋላ ብላችኋል። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል፤ እስከ ገና ዋዜማ ድረስ በእኛ ቤት ወተት፣ እንቁላል፣ ቅቤ የለም። ይህ ግን ለእናንተ የተመቸ ነው። ሥጋው የክርስቲያን ነው ወይስ የእስላም የሚለው ጥያቄ ከነጭራሹ አይነሳም፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ድንቹ፣ ተልባው ለአራታችሁም አንድ ገበታ ይሆናል። ወሎ ውስጥ በአንድ ገበታ መቀመጥ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሆኖም አስተናጋጇ አስቀድማ ካወቀች ድስቱንም ሳህኑንም ለይታ ትይዛለች። ስለዚህ ስትደውሉ ንገሯቸው። ለሰላቱ ደግሞ ውኃና ንጹሕ ሰሌን ጠይቁ፤ ማንም አይከለክላችሁም።

ለመንገድ በሶ ያዙ። በሶ እሳት አይፈልግም፤ በውኃ ተበጥብጦ ቢጠጣም፣ ታሽቶ ቢበላም ጉልበት ነው። ቆሎውን ገብስና ሽምብራ ቀላቅላችሁ አስቆሉ። ጭኮው በቅቤ የሚታሽ ስለሆነ ጾመኞቹ በኑግ ዘይት ያሳሹት። ስኳርና ሻይ ቅጠል አይረሳ። እንግዳ የሚቀበለው ቤት ቡና ይጠጣል፤ ቡናውንም ብትጨምሩ ለባለቤቷ ትልቅ አክብሮት ነው። አቦሉን ጠጥቶ መነሳት ግን ነውር ነው። በረካው እስኪደርስ መንገዱ የትም አይሄድባችሁም።

በድንኳን የምታድሩ ከሆነ እንጨት ከዱሩ አትቁረጡ። እዚያ ላይ ያለው አስታ የሚባለው ዛፍ ለማደግ ዕድሜ ይፈጅበታል፣ ለመንደድ ግን ደቂቃ አይፈጅበትም። ላምባና ትንሽ ቡታጋዝ ይዛችሁ ውጡ፤ ያለበለዚያ ከመንደሩ ባሕር ዛፍ ግዙ። ድንኳን ስትተክሉም ባለ መሬቱን ፈልጋችሁ «ቤት ለእንግዳ» በሉ። አዝመራው ያልተነሳበት ማሳና አውድማ አጠገብ ግን አትጠይቁ፤ ኅዳር የአጨዳ ወር ነው፣ ሰው እህሉን እየጠበቀ ያድራል።

ወረሂመኖ

ላስታና መቄት ብቻ የወሎ ተራሮች ሆኑ እንዴ? በደቡቡም የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ የደንቆሮ ጫካ፣ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው እዚያም አሉ። ታሪክ ለሚወድ ሰው ደግሞ ከተንታ በኩል ወደ መቅደላ መውጣት ከየትኛውም መንገድ አያንስም፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ያለፉበት አምባ ላይ ሴባስቶፖል መድፍ ዛሬም ተኝታለች። ጠያቂው መንገዳቸውን ስለመረጡ አላስቸግራቸውም፤ ለሌላ ጊዜ ግን ይያዝልኝ።

መቄት አፋፍ

የተያዘ ነው፤ ግን ወንድሜ፣ ለመቅደላ ሌላ ክር ይከፈትለት። እዚህ ካስገባነው ኮምቦልቼው ላሊበላ ሳይደርስ ተንታ ይገባል።

ባለ አጋሰስ

ስለ ጭነት ማንም ስላላነሳ ልግባበት። ድንኳን፣ ስፖንጅ፣ ላምባ፣ ድስትና ስንቅ አራት ሆናችሁ በጀርባ ተሸክማችሁ የመቄትን ገደል ወርዳችሁ የላስታን ዳገት ልትወጡ አትችሉም ባልልም፣ የምታዩት የፊተኛውን ሰው ተረከዝ ብቻ ይሆናል። አህያና ባለ አህያ ያዙ። እኔ በዳገት ላይ በአንድ አህያ ከ40 ኪሎ በላይ አላስጭንም፤ እህል ወደ ገበያ በሜዳ መንገድ ከማድረስ ይለያልና።

መቄት ላይ መጠንቀቅ የሚገባው አወራረዱን ነው። አፋፉ እንደ ግንብ የቆመ ነው፤ የሚወረደውም ሰው ለዘመናት እየረገጠ ባቀናቸው በሮች ብቻ ነው። አንዳንዱ በር ሰው ያሳልፋል እንጂ የተጫነ ከብት አያሳልፍም። በዚያ ጊዜ አህያው ዙሪያውን በሌላ በር ይሄዳል፤ እናንተ ከዕቃችሁ ቀድማችሁ ትደርሳላችሁ። ስለዚህ ውኃ፣ በሶ፣ ሹራብና የግንባር ባትሪ ምንጊዜም ከራሳችሁ አይለዩ። መንገድ መሪም ከዚያው ቀበሌ ይሁን። በስልክ ካርታ ላይ ያለ ቀጭን መስመር በሩ የቱ እንደሆነ አይነግራችሁም፤ ሸለቆው ውስጥ ደግሞ ኔትወርክ ይጠፋል።

ዱላ ያዙ፤ ለቁልቁለቱ ጉልበታችሁን ያግዛል፣ ለመንደር ውሻም ማሳያ ነው። ማሳያ ነው ያልኩት አስቤ ነው፤ ባለቤቱ ሳይጠራው አትምቱት።

ድንኳን በጀርባ

ውሻ ከተነሳ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። ከእናንተ ማንም ውሻውን አስከትሎ እንዳይመጣ። በአቡነ ዮሴፍ ጓሳ በተባለው ሣር በተሸፈነው ደጋ ላይ ቀይ ቀበሮ አለ፤ በዓለም ላይ የቀሩት ለአቅመ መራባት የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው ተብሎ ይገመታል፤ ሁሉም በአገራችን ናቸው። ከሚጨርሷቸው ነገሮች አንዱ ከለማዳ ውሻ የሚጋባው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ቀበሮው የሚያድነው በቀን ስለሆነና የሚኖረውም በአይጥ ስለሆነ፣ ጠዋት ጓሳው ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው አይጥ ጉድጓድ ላይ አድፍጦ ሊያየው ይችላል። ፎቶ ለማንሳት ብላችሁ አትከተሉት።

ጅብራውንም ለጥላ ብላችሁ አትደገፉት፣ ቅጠሉንም አትቁረጡ። ለብዙ ዓመታት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚደርቅ ተክል ነው። ጓሳውን ደግሞ የአካባቢው ሰው ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚያጭደው ሀብቱ ነው፤ ድንኳን የሚተከለው አስጎብኚው ባሳያችሁ ቦታ ብቻ ይሁን።

ኮምቦልቼው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ አራታችንም ተሰብስበን ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብነው፤ ከረጅም ክርክር በኋላ የተስማማንበት እንደሚከተለው ነው።

በመቄት በኩል በጎጆ እናድራለን፤ እዚያ ድንኳን መሸከም ትርጉም እንደሌለው የድንኳኑ ተከራካሪዎችም አምነዋል። ወደ ተከዜ ሸለቆ የምንወርደው ከቀበሌው በምንይዘው መንገድ መሪ ነው። በላሊበላ አንድ ቀን ቆይተን አሸተን ማርያምን እንሳለማለን፤ ሙስሊሞቹም ለዳገቱ ስንል እንወጣለን። ድንኳኑን ከላሊበላ በላይ ብቻ ለመጠቀም ወስነናል፤ ስለዚህ በዕቃ መኪና አስቀድመን ወደ ላሊበላ እንልከዋለን። ከተራራው ወገብ ሁለት ሌሊት አድረን ጫፉን በቀን ስመን እንወርዳለን። ፀሐይ ስትወጣ ጫፍ ላይ መሆን የሚፈልጉት ጓደኞቻችን በጨለማ ተነስተው በግንባር ባትሪ ይውጡ ተብሏል፤ መንገድ መሪው ከተስማማ።

የቀረን ጥያቄ ምን ያህል ልብስ እንያዝ የሚለው ነው።

ድንኳን በጀርባ

ሙቀቱ በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል እንደሚቀንስ አስባችሁ አስሉት። ላሊበላ ሌሊት 12 ዲግሪ ቢሆን፣ ከእርሱ 1,500 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ነው፤ ሰማዩ ከጠራ ደግሞ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሁለት ሹራብ፣ ነፋስ የሚከለክል ጃኬት፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ለመኝታ ብቻ የሚቀመጥ ደረቅ ካልሲ፣ ከዚያም በላይ ጋቢ። ጂንስ አትልበሱ፤ ከረጠበ አይደርቅም። ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩ ይፋጃል፤ ሰፊ ባርኔጣና የፀሐይ ቅባት ያስፈልጋችኋል።

እትዬ ዘላስታ

ላሊበላ ስትደርሱ ገና ቀርቦ ከሆነ አልጋ አስቀድማችሁ አስይዙ። ታኅሣሥ 29 ሊደርስ ሲል ከየአገሩ በእግሩ የሚመጣው ምእመን ከተማውን ይሞላዋል፤ ያን ጊዜ ማደሪያ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። የኅዳሩን ከያዛችሁ ግን አብሽሩ፣ ቦታ አይጠፋም።

ባለ አጋሰስ

ድንኳኑን በመኪና መላኩ ጥሩ አስባችኋል። ከላሊበላ በላይ ላለው ጭነት ሁለት አህያ ይበቃችኋል፤ ከመነሻችሁ ሁለት ቀን በፊት ንገሩ፣ ባለ አህያው ቅዳሜ ገበያ ስለሚኖረው ቅዳሜን ዝለሉ። የባለ አህያው ምግብና ማደሪያም በእናንተ ነው፤ ለእርሱም ብርድ ልብስ ያዙለት።